ከወንበሩ ሲነሱ የሚጠፋ ሞተር

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1987

ለተከበሩ ጋሽ ይብራህ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማማ ሂወት ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህችን "ደህና ነን" ስጽፍ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ፤ ግን ደብዳቤን በሌላ ቃል መጀመር ማንም አላስተማረኝም።

የወንድሜን የአክሊሉን ጃኬትና የምሳ ዕቃ ከሳን ሆዜ ድረስ ይዘው ስለመጡ አክስቴ እትዬ ሮማነወርቅ "ደጋግመህ አመስግንልኝ" ብላለች። ጃኬቱን አላጠበችውም። እኔም እንዳልነካው ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ሰቅላዋለች።

ትምህርት ጀመርክ ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ ጀምሬአለሁ። መቀመጥ ግን አቅቶኛል። የሂሳብ አስተማሪዬ "ዓባይነህ፣ ሲት ዳውን ፕሊስ" ትላለች፤ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሴን መስኮቱ ጋ ቆሜ አገኘዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሳቁ። አሁን አይስቁም፤ ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ። ባይነግራቸውና ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

የምጠይቅዎ ነገር አለኝ፤ በስልክ ያልጠየቅኩዎ ስልካችን ሳሎን ስለሆነ፣ ሳሎኑም ለቅሶ ደራሽ ስለማያጣ ነው። ደግሞም በቃል የጠየቅኩዎ ዕለት ጥያቄዬን ሳልጨርስ "ሲጋራ ላጭስ" ብለው ወጡ። እርስዎ ሲጋራ እንደማያጨሱ አውቃለሁ። ከደብዳቤ ፊት ተነስቶ መውጣት ግን ትንሽ ይከብዳል ብዬ ነው።

በሠልስቱ ማግስት ከስቴቱ መንግሥት ለመጣው የሥራ አደጋ መርማሪ ያስተረጎምኩለት እኔ እንደሆንኩ ያስታውሳሉ። ሰውዬው ያለው እንዲህ ነበር፦ "ሟቹ ችግኝ ሊያወርድ ከካርቱ፣ ችግኝ ከሚያመላልስበት ትንሽ መኪና፣ ወርዷል። ካርቱ በራሱ ሄዶ ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። ይህ ካርት ሹፌሩ ከወንበሩ ሲነሳ ሞተሩ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ታዲያ ለምን አልጠፋም? ከወንበሩ ሥር ያለው ማጥፊያ ስዊች ይሠራ ነበር ወይ?"

እርስዎ "አክሊሉ ጠንቃቃ ልጅ ነበር፤ ሕግ አይጥስም፤ ካርቱም ደህና ነበር" አሉ። እትዬ ሮማን "የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሁለቴ ሳይፈትሽ ከቤት አይወጣም" አለች። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሰውዬው አዝኖ፣ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ጋሽ ይብራህ፣ እኔ ስዊቹን አውቀዋለሁ። ባለፈው ኦክቶበር አንድ እሁድ አብራችሁ የምትሠሩበት ችግኝ ጣቢያ፣ ናርሰሪው ድረስ ወስዶ አሳይቶኛል። ካርቱ ላይ አስቀመጠኝና "ብድግ በል" አለኝ። ብድግ ስል ሞተሩ ጸጥ አለ። "ተቀመጥ፣ ቁልፉን አዙር። አሁንም ብድግ በል።" እንደገና ጸጥ። "አየኸው?" አለኝ። "እንደ አማት ነው። ሳታስፈቅድ ከተነሳህ ያኮርፋል።" ከዚያ ወንበሩን ገልብጦ ከሥሩ አጭር ቀይ ሽቦ አሳየኝና የስዊቹን ሁለት ጫፍ በሱ አገናኘው። ስነሳም ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። "የአማትየዋን አፍ ዘጋሁት" ብሎ እንዴት እንደሳቀ ልነግርዎ አልችልም። እርስዎም ሳቁን ያውቁታል።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ያ ካርት አሁን ማን እጅ ነው? ሽቦውስ አለ?

አክባሪዎ
ዓባይነህ


ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1987

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለዓባይነህ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ሂወት ጉልበቷ ያው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ያመዋል፣ ሠርግ ሲሰማ ይድናል። ለአክስትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ። መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። የሲጋራው ነገር አሳፍሮኛል። ሽማግሌ ሰው ሲዋሽ እንኳ የሚመስል ነገር መፈለግ ነበረበት።

ካርቱን አሁን የያዘው እዚህ አጠገባችን ሚልፒታስ የሚኖር ዘነበ የሚባል ልጅ ነው። በቅርቡ ከሱዳን የመጣ፣ ሥራ የማያስመርጥ፣ ደግ ልጅ ነው። ይህን ሰሞን ትንሽ አሞት ቤቱ ተኝቷል እንጂ ሌላ ወሬ የለም።

ስለሌላው ጥያቄህ፣ ልጄ፣ ሙት አይወቀስም። ትናንት አፈር ያለበስነውን ልጅ፣ ዛሬ የመንግሥት ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ "ጥፋቱ የሱ ነው" ልበል? በየትኛው አፌ?

ሥራችንን ደግሞ ዕወቀው። ናርሰሪው ተራራው ሥር ነው፤ መደቡ እስከ ላይ ድረስ ተራ በተራ ይወጣል። ትንሽ ትነዳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ችግኙን ታስቀምጣለህ፣ ትመለሳለህ። ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፍ ታዞራለህ፣ ትንሽ ትነዳለህ፣ ትወርዳለህ። ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላ ባትሪው ይደክምና ጭራሽ እንቢ ይላል፤ ያኔ ዳገት ላይ መግፋት ነው። አለቃችን ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ከላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሽቦ አድርጉበት አላለንም። አውጡትም አላለንም። "ዛሬ ፈጥናችኋል" ነው ያለን።

ሁሉም ሰው ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል። አንተ ትምህርትህን ያዝ፤ አክሊሉ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ አንተ ትምህርት ነበር።

የሚወድህ
ይብራህ


ኦክላንድ፣ ማርች 1 ቀን 1987

ለተከበሩ ጋሽ ይብራህ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁጭ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀቱን አድርጌ ቆሜ ነው።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ዘነበን አገኘሁት። "ትንሽ አሞት" ያሉኝን ዘነበን። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በዱላ ተደግፎ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ቆሟል። እሱ ነው መጀመሪያ ያናገረኝ።

"አንተ፣ የአክሊሉ ወንድም አይደለህም? በአረማመድህ ለየሁህ" አለኝ።

"ነኝ። እግርህን ምን ሆነህ ነው?"

"ካርቱ ሳመኝ" ብሎ ሳቀ። "ችግኝ ላነሳ ጎንበስ ብዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ቀስ ብሎ መጣ። ሌባ እንኳ እንዲህ ቀስ ብሎ አይመጣም። ደግነቱ ፊት ለፊቴ ለስላሳ አፈር ነበር እንጂ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ…" አለና ማንን እያናገረ እንደሆነ ትዝ ሲለው ፊቱ ጠቆረ።

"ሞተሩን አላጠፋኸውም ነበር?"

"ማን ያጠፋል? ሁሉም እያስነሳ ትቶት ነው የሚወርደው። ካርት እንዲህ ነው።"

"ሽቦውን ማንም አላሳየህም?"

"የቱን ሽቦ?"

ጋሽ ይብራህ፣ "የቱን ሽቦ" አለኝ። ካርቱ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ የወጣ ይመስለዋል። ሲነሱ የሚጠፋ ሞተር መሆኑን በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ለምን እንዳልነገራችሁት ገባኝ። ለዘነበ መንገር አክሊሉን መውቀስ ስለሚሆን ነው። ወንድሜን ላለመውቀስ ሰውዬውን ወንድሜ ወንበር ላይ አስቀመጣችሁት።

እኔም እንደናንተ ሆንኩ። "የቱን ሽቦ" ሲለኝ በአፌ ጫፍ ላይ ነበር። "ምንም" አልኩት። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን አውቶቡስ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ፤ አንድ ቦታ ላይ እየሮጥኩ እንደነበር ያወቅኩት ሰው ሲያየኝ ነው።

ማታ ለእትዬ ሮማን ነገርኳት። ለመርማሪው እደውላለሁ አልኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

"ምን ብለህ?"

"ሽቦውን ያሰረው አክሊሉ ነው ብዬ።"

"እኛ በአማርኛ ቀብረነዋል" አለችኝ። "አንተ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልትቀብረው ነው?"

"ዘነበስ?"

"ዘነበ እናት አለችው። ለአክሊሉ ከስሙ ሌላ ምን ቀረው?"

ግን ዘነበ ወደ ሥራ ሳይመለስ እርስዎ ይንገሩት፤ ሽቦውንም አውጡት። እኔ ከምደውል እርስዎ ቢያወጡት ይሻላል። እባክዎ ጋሽ ይብራህ።

ዓባይነህ


ሳን ሆዜ፣ ማርች 5 ቀን 1987

ይድረስ ለልጄ ለዓባይነህ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ወይስ ይቅር በለኝ ብዬ? ስለ ዘነበ የጻፍኩልህ ትክክል አልነበረም። በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይሆንብህ ብዬ ነው። አገራችን ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይላክም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት የራሴን ካርት ሽቦ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ ባትሪው ሞተብኝ። የሥራ ጓደኛችን ታደሰ ከላይኛው መደብ "ጋሽ ይብራህ፣ ፎቶ ሊነሱ ነው? ምነው ቁጭ አሉ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ሱፐርቫይዘሩ ወርዶ አስገፋን። በማግስቱ ጠዋት ሳየው አንዱ መልሶ አስሮልኛል። ለኔ አስቦ ነው፤ ማን እንደሆነም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ሌላም ነገር ልንገርህ። ሽቦው ያለው አክሊሉ ካርት ላይ ብቻ አይደለም። አምስቱም ላይ አለ። ወንድምህ እጁ ብልህ ስለነበር ሁላችንም "ለኔም፣ ለኔም" አልነው። በምሳ ሰዓቱ እየተንበረከከ ሠራልን። ሲጨርስ "እጅህ ይባረክ" ብለነዋል። እኔ በአባትነት አፍ መርቄዋለሁ። የመረቅኩትን እጅ ተመልሼ ልከስሰው እንዴት ይቻለኛል?

የምለምንህ አርባው እስኪያልፍ እንድትታገስ ነው። በአርባው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነፍስ ይማር እያለ፣ በጎን ስሙ በመንግሥት ፋይል ውስጥ ሲነሳ አክስትህ አትችለውም። ከአርባው በኋላ ቁጭ ብለን እንመካከራለን።

እግሩ ድኖለት ዘነበ ሰኞ ሥራ ይገባል። ጥሩ ጫማ እንዲገዛ ነግሬዋለሁ።

ይብራህ


ኦክላንድ፣ ማርች 8 ቀን 1987

ለተከበሩ ጋሽ ይብራህ፣

ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰኝ። አርባው ቅዳሜ ነው። ዘነበ የሚገባው ከሱ በፊት ነገ ሰኞ ነው። ይህን ሲጽፉልኝ ያላስተዋሉት አይመስለኝም። ምናልባት ጥሩ ጫማ ግዛ ከማለት ሌላ ቃል አጥተው ለኔ ጻፉልኝ። እንደዚያ ነው የተረዳሁት።

ዓርብ ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ባርት በሚሉት የባቡር ጣቢያ ካለው የስልክ ሳጥን ለመርማሪው ደወልኩ። ያስተረጎምኩለት ልጅ ነኝ ስለው ወዲያው አወቀኝ።

"ስዊቹን ማን ነው ያሰረው?" አለኝ።

"ወንድሜ።"

"እንዴት አወቅህ?"

"አሳይቶኛል። ደስ ብሎት ነበር።"

ከራሴ በላይ ባለው ሐዲድ ባቡር መጣና ሰውዬው እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ "ሌሎቹስ?" ሲለኝ "አምስቱም" አልኩት። የማንንም ስም ሳልጠራ ስልኩን ዘጋሁ። እስከዚያ ቀን በእንግሊዝኛ አፌን የምከፍተው የሰው ቃል ለመመለስ ነበር እንጂ የራሴን ለመናገር አልነበረም። የመጀመሪያው እንዲህ መሆኑ ከፋኝ።

ለእትዬ ሮማን የዚያኑ ማታ ነገርኳት። አልጮኸችም። ከዚያ ወዲህ ምግቤን ከድና ወጥ ቤት ትተውልኛለች። እኔም ቆሜ እበላለሁ።

ለአርባው ሲመጡ ፊትዎን ቢያዞሩብኝ አልቀየምም።

ዓባይነህ


ሳን ሆዜ፣ ማርች 22 ቀን 1987

ይድረስ ለልጄ ለዓባይነህ፣

በአርባው ዕለት ፊቴን አላዞርኩብህም። ሰው መሀል ያንን ነገር ማንሳት አልችል ስላልኩ እጅህን ብቻ ያዝኩት። ረጅም ጊዜ እንደያዝኩት ልብ ብለህ ይሆናል።

ሰኞ ምን ሆነ ብለህ በዘነበ በኩል ለላክህብኝ ይኸው። መርማሪው እኛ ጓንት ሳናጠልቅ ደረሰ። አምስቱንም ወንበር አስገለበጠ። አምስት ቀይ ሽቦ። ሱፐርቫይዘሩ "እኔ ዛሬ ገና ማየቴ ነው" አለ። ማን ሠራው ሲል ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ታደሰ ጫማውን እንደ አዲስ ያስራል። ዘነበ ግን ከወንበሩ ሥር ያለውን ሽቦ እያየ ነው። ፊቱን ብታየው… እሱን አልጽፍልህም።

የዚያን ጊዜ በሰባራው እንግሊዝኛዬ "እኛ ነን" አልኩት። "ማን እኛ?" አለ። "እኛ፣ ሁላችን። አንዱ አሰረ፣ ሌሎቻችን መረቅን" አልኩ። "መረቅን" የሚለውን በምን እንደተናገርኩት አላውቅም፤ ብቻ ጻፈው። ልጄ፣ "እሱ" ማለት ነበር ያቃተኝ እንጂ "እኛ" ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ቀን እናንተ ሳሎን እለው ነበር።

ከሥራ ማንም አልተባረረም። ሽቦዎቹ ወጡ። ድርጅቱ ትልልቅ ባትሪ እንዲያስገባ ታዘዘ፤ ገና ሦስቱን ነው ያስገባው። ሥራው ዘግይቷል፤ ሱፐርቫይዘሩ ፊቱን እንደ ሎሚ ጨምቆታል። እኛም እንደለመድነው ሞተሩን ትተን ዘለን እንወርዳለን፤ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ካርቱን ሰደብን። ቀጥሎ አንተን ሰደብን፤ ልደብቅህ አልፈልግም።

አሁን ግን ሌላ ነገር ተለምዷል። ያመጣው ዘነበ ነው። ሞተሩ ቀጥ ሲልበት "እሺ አክሊሉ፣ እሺ" ይልና ቁልፉን ያዞራል። ታደሰም ተቀበለው። አሁን ማንም "ሞተሩ ጠፋብኝ" አይልም፤ "አክሊሉ ተቀመጥ አለኝ" ነው። ትናንት ታደሰ ዳገቱ ላይ አራተኛ ጊዜ ሲጠፋበት ወደ ሰማይ አንጋጦ "አንተ አክሊሉ! በሕይወት ሳለህ አታስቀምጠንም ነበር፣ አሁን ደግሞ አታስነሳንም!" ሲል ከላይ እስከ ታች በሳቅ ወደቅን። እኔ ስስቅ ቆይቼ ከችግኙ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ሲጋራ ላጭስ ብዬ ነው የሄድኩት።

እትዬ ሮማነወርቅ ይህን ብትሰማ ትቀየም ይሆን? አንተ ታውቃታለህ፤ ካመንክበት አንብብላት።

አባትህ
ይብራህ


ኦክላንድ፣ ማርች 29 ቀን 1987

ለተከበሩ ጋሽ ይብራህ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማማ ሂወት ጉልበታቸው ሠርግ እስኪመጣ እንዴት እያደረጋቸው ነው?

ደብዳቤዎን ለሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ላንብብላት ብዬ ወደ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ውሃ ጠጥቼ እወጣለሁ። ሐሙስ ማታ እቃ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳለ፣ ሳላስፈቅዳት ጀመርኩ። የመርማሪውን ሳነብ ውሃውን አልዘጋችም። "እኛ ነን" ጋ ስደርስ ዘጋችው። የታደሰን ሳነብ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከኋላ አላወቅኩም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

"ያችን እንደገና" አለችኝ። ከዓርቡ ስልክ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

አነበብኩላት።

"ዘነበ የሚለውን ደግሞ።"

እሱንም አነበብኩላት። እጇን አደረቀች፤ ምግቤን አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ወንበር ሳበች። እኔ እንደልማዴ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ብድግ አልኩ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ እግሬ ነው።

"አንተ!" አለችኝ። "አክሊሉ ተቀመጥ ብሎሃል።"

ተቀመጥኩ፣ ጋሽ ይብራህ። ሳህኑ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ጃኬቱን ዛሬ ጠዋት አጥባ ሰገነቱ ላይ አስጥታዋለች፤ ሲደርቅ ልክህ ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። እጅጌው ትንሽ ይረዝመኛል። ይህን ደብዳቤም ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት።

ልጅዎ
ዓባይነህ